ጡሩምባውና ቸርኬው

ሰኞ፣ የካቲት 10። ከሰዓት።

ዛሬም ሰሃን ጎድሏል። ከትናንቱ ቀብር የተመለሰውን የእድር ዕቃ ስቆጥር ዋልኩ። ብርጭቆ ልክ። ድስት ልክ። ሰሃን ግን ሁልጊዜ እግር ያወጣል። ማን ቤት እንደገባ አውቃለሁ። ስሟን አልጽፍም፤ ጾሙ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ሰው አላማም።

የዕቃ ቤቱን በር ልቆልፍ ስል ቆም ብዬ አየሁት። ድንኳን አለ። አግዳሚ ወንበር አለ። አካፋ፣ ዶማ፣ ሬሳ ማውረጃ ገመድ፣ ቃሬዛ። ለሞተ ሰው ምንም አልጎደለም። ሊሞት ላለ ሰውስ? እንኳን ሌላ፣ አንድ ደህና የእጅ ባትሪ የለንም። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ጠፋ። ምሕረት ትዝ አለችኝ።

ደብተሬ፣ ምሕረትን ታውቃታለህ፤ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። ባሏ ታምራት እዚሁ ከኛ በታች ቡና ያለማል። የመጀመሪያ ልጃቸውን ለፋሲካ ማግሥት ይጠብቃሉ። ያኔ ዝናቡ ይበረታል። ከመንደራችን ጨለለቅቱ ጤ/ጣቢያ ለመድረስ ወንዙን መሻገር ግድ ነው። ወንዙ ሲሞላ የግንዱ ድልድይ ይሄዳል፣ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል። አምቡላንስ ከዋናው መንገድ ወዲህ አይወርድም። አምና አንዷ ጎረቤታችን ወንዝ ዳር ነው የወለደችው። ተርፋለች፣ ተመስገን። ግን እንዲህ ያለ ዕድል በየዓመቱ ይመጣል እንዴ?

እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ እናገራለሁ። ቆርጫለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 16።

ተናገርኩ! ሁሉም ፊት ቆሜ ተናገርኩ።

ብር አልጠየቅኩም፤ ብርማ ከየት ይመጣል። ሁሉም ከቤቱ ያለውን ያዋጣ፣ ከዕቃ ቤቱ አንዱ ጥግ ለክፉ ቀን ይሁን አልኩ። ሊ/መንበሩ አቶ ጅግሶ ባርኔጣውን እያስተካከለ ሰማኝ። (ያችን ባርኔጣ ከለቅሶ በቀር አውልቋት አያውቅም።) ከዚያ ተነሣ። እድር የተቋቋመው ለሞተ ነው አለ። በሕይወት ላለ ሰው ከዕቃ ቤቱ ማንኪያ አይወጣም። ደግሞስ ክፉ ቀንን እንዲህ ደግሰው ይጠሩታል ወይ? ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሴቶቹ ግን ስንወጣ ከበቡኝ። ሁሉም እናዋጣለን አሉ። አስቴር፣ ያቺ ጎረቤቴ፣ ከሁሉም በላይ ጮኸች፤ መቼም እሷ ያልጮኸችበት ነገር አይሞቅም። ጅግሶም ጫጫታው ሲበዛበት አንድ ነገር ፈቀደ፦ ጡሩምባውን። ሰው ለመጥራት ከፈለጋችሁ ሮባ ይንፋላችሁ፣ ትንፋሹ እንደሆነ ኪራይ የለውም አለ። ሮባ ደስታውን አልቻለም። ዕድሜውን ሙሉ ለቀብር ብቻ የነፋ ሰው!

እሰይ። ጡሩምባ አገኘን።

ሐሙስ፣ የካቲት 20።

ዛሬ የሠራሁትን ሥራ ለማንም አልነግርም፤ ላንተ ብቻ።

ቁልፉ በእጄ ነው። የእድሩን ቃሬዛ አወጣሁና ምሕረት ቤት ወሰድኩት። አየሽ ልጄ፣ ምጥሽ ሲመጣ በዚህ እናደርስሻለን ልላት። አፌን ከመክፈቴ ጮኸች። በሩን ዘጋች። ከበሩ ጀርባ ሆና እዚያ ቃሬዛ ላይ የተኙትን ሰዎች አንድ በአንድ ትጠራልኝ ጀመር፤ የኔን አባት ጨምሮ። ነፍሱን ይማረው፣ ከሰሜን በአስተማሪነት መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነው፤ በዚያው ቃሬዛ ነው የሸኘነው። ታምራት ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይውጣል።

ልጄ ልክ ናት። ነፍሰ ጡር ሴት የሬሳ ቃሬዛ ላይ! ምን ነክቶኝ ነው? የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ነርስ ብትሰማ ምን ትለኛለች?

ጅግሶ እንዳያየኝ በእንሰቱ ውስጥ ለውስጥ መለስኩት። አየኝ። እንዴት አያየኝ! ባርኔጣውን አስተካከለ፣ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ታምራት ነገ ቀርከሃ እቆርጣለሁ ብሏል። አዲስ እንሠራለን።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29።

ደክሞኛል። ደስ ብሎኛል። ጀርባዬ የኔ አይደለም።

ቃሬዛው አለቀ። ቀርከሃው የታምራት፣ ጨርቁ የቡና ጆንያ። ጆንያውን ደርቤ በስፌት መኪናዬ ዙሪያውን ደጋግሜ ሰፋሁት። መርፌ ሰበርኩ፣ ሌላ ሰበርኩ፣ አልተውኩትም። በጠርዙ ከልብስ የተረፈ ቀይ ጨርቅ አደረግኩበት። ምሕረት መጥታ ዳሰሰችው፣ ተቀመጠችበት፣ ሳቀች። እሷ ስትስቅ እኔ ማልቀስ። ሥራ የለኝም!

ሰውም አላሳፈረኝም። ሁሉም ጀሪካን አመጣ። ክዳን ያለው ጀሪካን ግን ማንም አላመጣም! ገመዱ ከየቤቱ የተገመደ ቃጫ ነው፤ አንዷ ረጅም፣ አንዷ አጭር፣ ቀጣጥለን አንድ አደረግነው። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍረን በኮባ ቅጠል ጠቅልለን የጋራ ቆጮ ቀበርን፤ መንገድ ቢቆረጥ የሚበላ እንዳይጠፋ። የኔን ድርሻ አስቴር አሸተተችና የአስተማሪ ልጅ ቆጮ መፋቅ መቼ ያውቅበታል አለች። እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አርጅቼ፣ አሁንም እንግዳ ነኝ። ጎመኑን ሳቀርብ ግን ከሁሉም የበላችው እሷ ናት።

ነገ ሳምንት ሙከራ አለን። ሮባ ይነፋል፣ ሰው ይመጣል፣ ታምራት በሽተኛ ሆኖ ይተኛል።

እሑድ፣ መጋቢት 7።

ወይ ጉድ! ወይ ጉድ! ከየት ልጀምርልህ?

ሙከራው ዛሬ እንደሆነ ለሁሉም ተነግሯል። በየቤቱ ዞሬ የነገርኩት እኔው ነኝ። ግን ጡሩምባ ጡሩምባ ነው፤ ሲነፋ ሰው ጆሮው እንጂ ጭንቅላቱ አይሰማም። ሮባ ደግሞ ሌላ አነፋፍ አያውቅበትም፤ ያንኑ የሚያውቀውን አንጀት የሚበላውን ለቀቀው።

መጡ። ሁሉም መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው! ወጣቶቹ ድንኳኑን ተሸክመው። ጅግሶ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ። አስቴር ደረቷን እየደቃች ከፊት። ጓሮዋ ለለቅሶው ንፍሮ ጥዳ እንደመጣች በኋላ ነው የሰማሁት። ግቢዬ ሲደርሱ ምን ያያሉ? ታምራትን፣ ቃሬዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

ለቅሶው ቀለጠ። ኧረ ሙከራ ነው ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ! በመጨረሻ ታምራት ምንድነው ይሄ ሁሉ ብሎ ቀና አለ።

አስቴር እሪ ብላ አጥር ዘለለች። በዚህ ዕድሜዋ! ድንኳን የያዙት ጥለውት ሮጡ። ሮባ ራሱ ሮጠ፣ የነፋው እሱ ሆኖ!

ጅግሶ ብቻ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ባርኔጣውን አጠለቀና ይህ ጡሩምባ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ ከለቅሶ ውጭ እንዳይነፋ ከለከለ። ልክ ነው። መናደዴ ልክ ስለሆነ ነው።

ንፍሮውን ግን በላነው። ይጣላ እንዴ?

ረቡዕ፣ መጋቢት 10።

ሁለት ቀን አኩርፌ ተኛሁ። ዛሬ ነቃሁና ዲላ ሄድኩ።

ት/ቤት እያለሁ ደወላችን የመኪና ቸርኬ ነበር፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለ። ሲመታ ለቅሶ የሚመስለው ማንም የለም። ጋራዥ ገብቼ አሮጌ ቸርኬ ጠየቅኩ። ባለቤቱ መኪናሽ የት አለ አለኝ። እሱን ቀስ ብዬ እገዛለሁ አልኩት። ስቆ ሞተ። የተቀደዱ ቱታዎቹን እዚያው ቁጭ ብዬ ሰፋሁለት፣ ቸርኬውን ሰጠኝ። የባጃጁ ልጅ ቸርኬውን እንደ ተሳፋሪ ቆጥሮ አስከፈለኝ። ሌባ!

ከባጃጁ ከወረድኩ በኋላ ያለውን ቁልቁለት እንደ ልጅ እያንከባለልኩት መጣሁ። ጉልበቴን አልጠየቅኩትም። መጨረሻው ላይ አመለጠኝና ሄዶ የጅግሶ አጥር ላይ ተላተመ። ወጣ። አየው፣ አየኝ። ትከሻው ላይ አድርጎ ዕቃ ቤቱ ፊት ካለው ዋንዛ ሥር አስቀመጠልኝ፣ ተመልሶ ገባ። ይህን ሰውዬ የሚያውቀው የፈጠረው ብቻ ነው።

እሑድ፣ መጋቢት 14።

ሁለተኛው ሙከራ። ዋንዛው ላይ የሰቀልነው ቸርኬ ሲመታ ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ሰዉ በሩጫ መጣ፤ አካፋ ይዞ፣ ገመድ ይዞ። አንድም የተዘቀዘቀ ነጠላ የለም። ወንዙን በገመድ ተሻገርን፣ ገመዱ በቃን፣ ውሃውም ገና ቁርጭምጭሚት ነው። ታምራት ከቃሬዛው ቀና እንዳይል ታዟል።

ጅግሶ አልመጣም። ደጁ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር አሉ።

ማታውኑ ዝናብ ጀመረ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8። ጠዋት።

ትናንት አልጻፍኩም። ጽሑፌ ቢወላገድ ታገሠኝ።

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ስግደት ተመልሼ ጫማዬን ሳወልቅ ታምራት እየሮጠ መጣ። ምጡ ከቀኑ ቀድሞ መጥቷል። ዝናቡ ዶፍ ነው። ስልክ ሞከርኩ፤ የለም። መምቻ ብረቱን አነሣሁና ቸርኬውን መታሁት፣ መታሁት፣ መታሁት።

መጡ፣ ደብተሬ። ሁሉም መጡ። አስቴር ደረቅ ጋቢ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ሌላው አካፋ፣ ሌላው ያንኑ ክዳን የሌለው ጀሪካን። ምሕረት ራሷ አዲሱ ቃሬዛ ላይ ተኛች። እጄን ጨምቃ ያዘች።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ግንዱ የለም። ወንዙም ያ ወንዝ አይደለም፤ ሰፍቷል፣ ያገሣል። ገመዳችንን ዘረጋን። አጠረ። በሙከራው ጊዜ የበቃው ገመድ መሃል ላይ ቀረ። ልጄ ቃሬዛ ላይ ታቃስታለች፣ እኔ አጭር ገመድ ይዤ ቆሜያለሁ። እንደዚያ ያለ ሰዓት ለጠላቴም አልመኝ።

ከኋላዬ አንድ እጅ ተዘረጋ። ቁልፉን! አለኝ ጅግሶ። ሰጠሁት። ሲመለስ የእድሩን ሬሳ ማውረጃ ገመድ በትከሻው ጠምጥሞ መጣ። እሱ ራሱ፣ ማንኪያ አይወጣም ያለው ሰው! ከቃጫው ጋር በገዛ እጁ ቋጠረው። ታምራት ጫፉን ወገቡ ላይ አስሮ ገባ፣ ማዶ ደረሰ፣ ግራር ላይ አሰረ። ቃሬዛዋን ትከሻ ላይ አድርገው ገመዱን ይዘው ተሻገሩ። ልከተል ስል ጅግሶ በነጠላዬ ጎትቶ አስቀረኝ። በዚህ ጉልበትሽ ገብተሽ አንቺን እንፈልግ ወይ አለ። ዳገቱን ወጥተው ጉሙ ዋጣቸው። ሮባም አብሯቸው ሄዷል፤ ጡሩምባው አንገቱ ላይ። መቼም አውልቆት አያውቅም።

ጠበቅን። ዝናቡ አባራ። ጠበቅን።

አመሻሹ ላይ ከማዶው ዳገት ጡሩምባ ተነፋ።

ያው የሚታወቀው አነፋፍ። ጅግሶ ባርኔጣውን አወለቀ። አስቴር ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ጩኸቱ ተነሣ። ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። ቀይ ጨርቁን ነው ያሰብኩት፣ ቃሬዛው ጠርዝ ላይ የሰፋሁትን። ለምን ቀይ አደረግኩበት?

ሮባ ወንዙ ዳር ደረሰ። ይጮኻል፣ ውሃው ድምፁን ይበላዋል። እያለቀስን መሆኑን ሲያይ ደነገጠ። ግራ ገብቶት ዙሪያውን አየ። ከዚያ ጡሩምባውን ከአንገቱ አወለቀና በሁለት እጁ ታቀፈው። እሹሩሩ አለው! ጡሩምባውን! ቀጥሎ እጁን ወደ አፉ አመላለሰ። ጅግሶ ዓይኑን አጥብቦ እያየ ተረጎመልን፦ ሕፃኑ ደህና ነው። እናትየዋም እየበላች ነው።

እልልታው! አስቴር ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች እልል ትላለች። እኔ ተነሣሁና የላስቲክ ጫማዬን ሮባ ላይ ወረወርኩ። ወንዙ ወሰደው። ሁለተኛውንም ወረወርኩ። ደስታውን መያዝ አቅቶት ነው አሉ የነፋው፣ ሌላ ዜማ ስለማያውቅ። በባዶ እግሬ ቤቴ ገባሁ፣ እየሳቅኩ፣ እያለቀስኩ።

ጤና ጣቢያ ደርሳ ነው የወለደችው። ሴት ልጅ ናት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19።

ምሕረት ቤቷ ገብታለች። ልጅቷን መንደሩ ሁሉ ቸርኬ ይላታል። ታምራት ይቆጣል፤ ደህና ስም አወጣላታለሁ ይላል። ያውጣ። እኔም ሳባብላት ቸርኬዬ ነው የምላት።

ዛሬ እድሩ ተሰበሰበ። ወሰንን። ዕቃ ቤቱ ለሁለት ይከፈል፣ ግማሹ ለሞተ፣ ግማሹ ለቆመ። ጡሩምባው ቁልፍ ውስጥ ይደር፤ ሮባ ሊወስደው ሲመጣ መጀመሪያ ማን እንደሞተ ይናገር። ገመዱ ለሁለቱም ያገልግል። አዲሱ ቃሬዛ ግን ሬሳ እንዳይሸከም፣ መቼም፣ የማንንም። ይህችኛዋን ያቀረበው ጅግሶ ነው። ማንም አልተቃወመም።

ሰዉ ሲበተን ቀረት አለ። ስቆልፍ በሩ ጋ ቆሞ ባርኔጣውን ያሽከረክራል። አወለቃት ደግሞ፣ ማንም ሳይሞት! በቀስታ ነገረኝ፦ እሱ ሲሞት በአሮጌው ነው፣ ደንብ ነው። ሲታመም ግን በአዲሱ። እሺ አልኩ። አልሄደም። አዬ፣ በላይነሽ፣ አለኝ፣ መሃል ላይ ብሆንስ? መሞቴና መታመሜ ባይለይ?

አንተ ምን ትላለህ አልኩት።

አዲሱ ላይ ጫኑኝ አለ።

ቃለ ጉባኤው ላይ ጨመርኩት። ፈረመ።