ስሙ ከተጠራ ይረክሳል

ጥቅምት 4፣ ጠዋት
ዶሮዎቹን አጠጣሁ፣ ቤታቸውን ጠረግሁ። ገብስማዋን አሁንም ያስነጥሳታል። ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ መኖው ላይ ቀላቀልኩ። እጄ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። የእንስሳት ሐኪሟ ዶ/ር ትዕግስት ያዘዘችኝ ነው። ሽንኩርቱ ለማበርታት እንጂ ለማዳን አይደለም፣ ከባሰ ደውዪልኝ ብላለች። ፀረ ተዋህስያን መድኃኒት ግን በዘፈቀደ ውሃ ላይ እንዳትበጠብጪ፣ ተዋህስያኑ ይለምዱታል፣ ቅሪቱም እንቁላሉ ውስጥ ይገባል ብላ አስጠንቅቃኛለች።

እትዬ ዘይነባ ለልጃቸው ለሰሚራ እንቁላል ወሰዱ። አራስ ናት። አምና ስትታመም መድኃኒቱ ሁሉ እምቢ ብሏት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ለዚህ ነው የአብነት ሰፈርን ሱቅ ሁሉ አልፈው መድኃኒት ያልነካው እንቁላል ፍለጋ እኔ ጋ የሚመጡት። ማስታወሻዬ፣ እንዲህ መታመን ያስፈራል።

ጥቅምት 6
ሁለት ተጨማሪ ታመሙ። እንቁላል የለም። ግድግዳ የምንጋራቸው ሽማግሌ፣ አባባ ተካ፣ ከአባታቸው የወረሱትን የዶሮ መድኃኒት ይዘውልኝ መጡ። ምንድን ነው ብላቸው አኮረፉ። ስሙ ከተጠራ ይረክሳል አሉኝ! ጤና አዳም ይሸታል፣ ሌላውን እንጃ። ቅጠል ምን ያደርጋል ብዬ ለዶሮዎቹ ሰጠኋቸው። ለዶ/ር ትዕግስት አልደወልኩም። ሰነፍ ነኝ።

ጥቅምት 9
ተአምር! ሁሉም ይጭራሉ፣ ይጣላሉ፣ እንቁላልም ጣሉ። የአባባ ተካን ጉልበት ልስም ምንም አልቀረኝ። የሰሚራን ለይቼ አስቀመጥኩ። እትዬ ዘይነባ ነገ ይወስዱላታል።

ጥቅምት 10፣ ረፋድ
ቅጠል እንዲህ ይፈጥናል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሄጄ ጠየቅኳቸው፤ እንደገና አኮረፉ። አባባ፣ የምትበላው እኮ አራስ ናት አልኳቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቆጠሩልኝ፦ ጤና አዳም፣ እሬት፣ እና... ቴትራሳይክሊን። ከፋርማሲ የተገዛ ፀረ ተዋህስያን። ካፕሱሉን ፈልቅቀው ዱቄቱን ጨምረውበታል። የአባታቸው ቅጠል ብቻ ነበር። አምና ግን በቅጠሉ ብቻ ሲያክሙ የራሳቸው ዶሮዎች አለቁባቸው።

«እንዳታዝኚ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ተናደድኩ። ደግሞም አንጀቴን በሉት። ለዶ/ር ትዕግስት ደወልኩ፤ እኔ እስክፈቅድ እንቁላሉን አትብሉ፣ ለሰውም እንዳትሰጪ አለችኝ። እንቁላሎቹን ጓሮ ቀበርኩ።

ከሰዓት
እትዬ ዘይነባ መጡ። ዶሮዎቹ አልጣሉም ልል ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ። አባባ ተካ በትራቸውን ይዘው ከበራቸው ወጡ፣ ቀደሙኝ። የመድኃኒቱን ስም አንድ በአንድ፣ ጮክ ብለው፣ ግቢው እየሰማ ተናገሩ። ካፕሱሉንም።

እትዬ ዘይነባ አባባ ተካን አላዩአቸውም። ወደ እኔ ዞረው፦

«እና መቼ ልምጣ?»

ሐኪሟ ስትፈቅድ አልኳቸው። እሺ ብለው ባዶ ዘንቢላቸውን ይዘው ሄዱ።