ሁለት ቃል የጎደለው ውል

ሰኞ፣ ግንቦት 3

ዝናብ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጋራዡ ውስጥ ሰው የሚለው አይሰማም። ሁሉም አፉን ብቻ ይከፍታል፣ ይዘጋል... እንደ ዓሣ። ደስ ይለኛል። የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ አገጬን አስደግፌ ሳይ ዋልኩ።

የካፒቴን መኪና ለሰርቪስ ገባች። ካፒቴን የምንላቸው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዓይናቸው አያይም። በየሳምንቱ ዓርብ ይዘዋቸው ይወጣሉ፤ እየነዱ መንገዱን ይነግሯቸዋል።

"ባለፈው ምን አያችሁ?" አልኩ።

"ሐይቅ" አሉኝ እትዬ። "ውሃው ጸጥ ያለ።"

በዚህ ዙሪያ ሐይቅ የለም። ካፒቴን ከኋላቸው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ቀኑን ሙሉ ያንን ሐይቅ ሳስብ...

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

ሬዲዮው ተናገረ። ከሰኔ አንድ ጀምሮ ታክስ ይጨምራል። ስልኩ ጠዋቱን ሙሉ አላረፈም። "የኛ የሰርቪስ ውል ቋሚ ዋጋ አይደል እንዴ? ይነካናል?"

አይነካም አልኩ። ለሁሉም። ውሉን ሳላይ። አፌ ቀደመኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 7

ውሎቹን አወጣሁ። አስቀድመው ጠቅልለው የከፈሉት አያሳስቡም፤ ታክሱ ያኔውኑ ተከፍሏል። በየሰርቪሱ የሚከፍሉት ግን... የድሮው ቅጽ "ዋጋው ታክስን ጨምሮ አይለወጥም" ይላል። አዲሱ "ዋጋው አይለወጥም" ብቻ። ምነው?

ከዚያ ትዝ አለኝ። አምና ቅጹ በአንድ መስመር ሁለተኛ ገጽ ላይ ፈሰሰ። ለአንዲት መስመር ሲባል ሌላ ወረቀት? እዚህም እዚያም ቆረጥ ቆረጥ አደረግኩ። በአንድ ገጽ ገባ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር እኮ።

በዚያ ቅጽ አሥራ አንድ ሰው ፈርሟል። ካፒቴንም።

ሰኞ፣ ግንቦት 10

ለአጎቴ ነገርኩት። ጋራዡ የሱ ነው። እጁን በጨርቅ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ ቆየ።

"ዋጋው የኛ ነው፣ ታክሱ የመንግሥት" አለ። "ጨምሮ ካላለ ጭማሪው የደንበኛው ነው።"

"ጋሼ፣ በአፌ ግን ታክስ ቢጨምርም አይነካችሁም ብያቸዋለሁ።"

"አፍሽ ላይ ማኅተም አለ?"

ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ።

"ዘይቱ ጨመረ፣ ዋጥኩት። ፊልትሮው ጨመረ፣ ዋጥኩት። ሆዴ ጎተራ ነው?"

እውነቱን ነው። እሱም እውነቱን ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ...

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

አልሠራሁም። መስኮት። ደመና። ሁለት ቃል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13

ለአሥሩ ደወልኩ፤ የታክሱ ጭማሪ የናንተ ነው አልኩ። አንዱ ጮኸብኝ። አንዷ ሳቀች፤ ሳቋ ከጩኸቱ ባሰ። ለካፒቴን ግን በስልክ አልሆነልኝም። ከምሳ በኋላ ቤታቸው ሄድኩ።

ከሳሎን እስከ ማድ ቤት ግድግዳው ላይ ገመድ ተወጥሯል። እየቦታው ቋጠሮ አለው። እትዬ ቋጠሮውን ዳስሰው በር ይሁን ደረጃ ያውቃሉ። ዓይኔን ጨፍኜ ልሞክረው አማረኝ... አፈርኩ።

ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ መቁረጤንም።

"ግድ የለም ልጄ" አሉ ካፒቴን። "ሽርሽሩን በየሁለት ሳምንት እናደርገዋለን። የሚተርፈው የነዳጅ ብር ለታክሱ ይሆናል።"

እትዬ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። ከዚያ፣ "ውሉ የተፈረመ ዕለት እስክሪብቶሽን ጠቅ ጠቅ እያደረግሽ፣ ታክስ ቢጨምርም ባይጨምርም እናንተ አትጨምሩም አልሽን። እሱ ወረቀቱን ፈረመ። እኔ ያመንኩት ድምፅሽን ነው።"

ቃል በቃል። እኔ እንኳ ረስቼው ነበር።

"አጎትሽ ቅዳሜ ይገኛል?"

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15

መጡ። ካፒቴን የእትዬን ክንድ ይዘው እስከ ጋራዡ መሀል። አጎቴ መኪና ሥር ተኝቶ ነበር፤ ተንሸራቶ ወጣ። እትዬ ያልኩትን ደገሙለት። እስክሪብቶውንም ሳይተዉ።

"እትዬ፣ ወረቀቱ ላይ የለም እኮ።"

"እኔ ወረቀት አላይም" አሉ። "እዚህ ስመጣ የማገኘው ይቺን ልጅ ነው። እሷ ስትናገር ጋራዡ ተናገረ ብዬ ነው የምሰማ። ካልሆነ ንገረኝ፤ ለወደፊቱ እንዳውቀው።"

መካኒኩ መፍቻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። አጎቴ ጎማ ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ደክሞት አይቼው አላውቅም። እኔን አላየኝም፤ እሳቸውን ብቻ።

"እሷ ካልሆነችማ ማን ይናገርልኛል" አለ በመጨረሻ። ወደኔ ዞረ። "ለሁሉም ደውዪ። ውላቸው እስኪያልቅ በቃልሽ እንቆያለን።"

"ጋሼ፣ ከደሞዜ..."

"ዝም በዪና ደውዪ።"

ደወልኩ። በየቤቱ ሲጠራ ይታየኛል... ኮሪደር፣ መጋረጃ፣ እየሮጠች የምትመጣ ሴት። ያ የጮኸው ሰውዬ "እስቲ ድገሚልኝ" አለ። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 3

ታክሱ ከጨመረ ሦስተኛ ቀን። ቅጹን እንደገና ጻፍኩት፤ ሁለት ገጽ ሆነ። ይሁና።

አንዲት አስተማሪ መጣች። የመጀመሪያ መኪናዋ ናት፤ ቁልፉን ከእጇ አትለይም። "ቋሚ ዋጋ ማለት ቋሚ ነው አይደል?"

አፌ ሊቀድመኝ ነበር። ያዝኩት።

"የኛ ዋጋ ንቅንቅ አይልም። ታክስ ከጨመረ ግን ጭማሪውን እርስዎ ይከፍላሉ። ከቀነሰም ለእርስዎ ይቀነሳል።" መስመሩን በጣቴ አሳየኋት።

ፊቷ ቅጭም አለ። "ላስብበት" ብላ ቅጹን ሳትፈርም አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አጎቴ ከሩቅ፣ "ሄደች? ምን ብለሻት ነው?"

"ያለውን።"

ተመልሶ መኪናው ሥር ገባ።

በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። ዞራ አየችኝ።

"ስመለስ አንቺን ነው የምፈልገው" አለች። "ስምሽን ማን ልበል?"

ነገርኳት።