«ጆሮ ጠቢ» የሚለው ስም እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

ለቀበሌያችን ሊቀ መንበር ለተከበሩ ጓድ ደሞዝ፣
ባሕር ዳር

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የስብሰባው ብዛት ድምፅዎን እንዳይዘጋው እሠጋለሁ፤ የተቸገርሁት በዚሁ ድምፅ ስለሆነ የሚያድነኝም እርሱ ብቻ ነው።

እኔ ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን የምኖር ጡረተኛ መምህር፣ ሚያዝያ ላይ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ የቦኖው ቧንቧ መፈንዳቱን አመለከትሁ። እርስዎም በእሑዱ ስብሰባ ከሕዝቡ ፊት አስነሥተውኝ «ጓድ ሣህሉ ለሰጡን መረጃ እናመሰግናለን» በማለት አስጨበጨቡልኝ። መረጃው የምን እንደሆነ ለመናገር ጊዜ እንዳጠረዎት ይገባኛል። ማክሰኞ ግን የጎረቤቴ የወይዘሮ እናትዓለም ልጅ አዘዘ ታሠረ። ስለዚህ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስም ስላወጡልኝ። ዘጌ ሳድግ ጆሮ ጠቢ ማለት የትልልቆችን ጨዋታ በር ሥር ሆኖ የሚያዳምጥ ልጅ ነበር፤ ቅጣቱም አንድ ቁንጥጫ ነው። በእርስዎ ዘመን ቃሉ አድጎ ሰው የሚያሳስር ሆኗል። የሰፈሩ ወጣቶችም አሳጥረው «ጆሮ መጣ» ይላሉ። ሠላሳ ዓመት ቃላት ሳስተምር እንዲህ ቶሎ የተስፋፋ ትርጉም አላጋጠመኝም።

፪ኛ. ጸጥታ ስለሰጡኝ። ሐይቁ ዳር ሄጄ ስቀመጥ፣ አጠገቤ ያሉት ሰዎች ወሬያቸውን አቋርጠው ስለ ዓሣ ማውራት ይጀምራሉ። የጽዋ ተራዬ ሲደርስ ማኅበርተኞቼ በአንድ ቀን ሁሉም ታመሙ፤ የጠመቅሁት ጠላ ኮመጠጠ። ሚስቴን እስከ መጨረሻዋ ያስታመሙልኝ ወይዘሮ እናትዓለም፣ እንደምን አደሩ ስላቸው አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር።

፫ኛ. ልጁ የት እንዳለ እንዳልጠይቅ፣ ደግሞ መረጃ ፈላጊ እባላለሁ። በመጪው ስብሰባ ግን ወይዘሮ እናትዓለም ባሉበት «መረጃው ስለ ቧንቧ ነበር» ቢሉልኝ ምን ይመስልዎታል? አራት ቃል ብቻ ነው፤ ከመፈክሮችዎ ሁሉ ያጥራል።

ሰው በማይረግጠው ደጄ ሆኜ፣ ለከፍተኛ ኃላፊነትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ሣህሉ ወልደ ሐዋርያት
ሰኔ ፲፱፻፸፩ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ሰፈሩም እንዲያነበው በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከመለጠፌ በፊት የሚያዳምጠኝ ሰው ስላጣሁ፣ ለራሴ ጮክ ብዬ አነበብሁት። ለዚህ ሥራ በትክክል የመደቡት ሰው አጥሬ ሥር ቆሞ ሰምቶ ከሆነ፣ በሩ ክፍት ነውና ግባ ብሎሃል ይበሉልኝ። ከሁለት ወር ወዲህ ቤቴ ድረስ የመጣ እርሱ ብቻ ነው።