የአያቴ ድልድይ

የማኅፀኔ ፍሬ፣ ያለሽበት አገር ብርዱ ይራራልሽ፣ የምትረግጪው መሬት ይመችሽ። ቤታችን ደህና ነው፤ የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠገነ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም ከጨርቅ ይልቅ ወሬ እየቀደደች አለችልሽ።

ያላማረኝ አባትሽ ነው። ከዳኝነቱ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የከተማችንን ታሪክ ሲቆፍር እንደሚውል ታውቂያለሽ። ሲቆፍር ሲቆፍር፣ ወንዙን የምንሻገርበትን ድልድይ የሠራው ዕድሜ ልኬን የኮራሁበት አያቴ ሳይሆን የልብስ ሰፊዋ አያት ሆኖ አገኘው። ታዲያ ጽፎ አይገላገልም? «ጉዳዩ የሚስቴን አያት ስለሚነካ ከችሎት እነሳለሁ፤ ሰው በዘመዱ ጉዳይ አይፈርድም» ብሎ መጽሐፉን አቆመው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለው፣ ምግብ የለው፤ ሱሪው በቀበቶ ብቻ ነው የቆመው። ሐኪሙም ልቡን አዳምጦ ፊቱን አጨፈገገብኝ።

«እኔ መቃወሚያ የለኝም፣ ጻፈው!» ስለው፣ «አንቺ ባለጉዳይ ነሽ» አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ኖሬ፣ ዛሬ ባለጉዳይ ሆኜ አረፍኩት!

ቢጨንቀኝ ትናንት ለልብስ ሰፊዋ ራሴ ሄጄ ነገርኳት። መቀሷን አስቀምጣ አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋ ሳትጨርስ፣ «እንግዲህ ስትሻገሪ አስፈቅጂኝ!» አትለኝ መሰለሽ? እስኪመሽ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። አባትሽ ብቻ ከባዶ ወረቀቱ ጋር ተፋጦ ቀረ።

እባክሽ የኔ ዓለም፣ እሑድ ስትደውዪ ስለ ልቡ አታንሺበት። «አባዬ፣ ድልድዩን ማን ሠራው?» ብቻ በይው። አንቺ ጠይቀሽው ዝም ብሎ አያውቅም። ዳኛ መሆን ካልቻለ ምስክር ይሁን፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ቃሉን እጽፋለሁ።

ፈጣሪ ዓይንሽን ለማየት ያብቃን።

እናትሽ