የሚነደው ድንጋይህ

...ከዚያ ድንጋዩ እሳት ያዘ። ጥቁሩ ጭስ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ «አትጨፍኚ፣ ወደፊትሽን እያየሽ ነው» አልከኝ። አልጨፈንኩም። እንባዬ እየወረደ አየሁት። አባዬ፣ ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ፤ እኔ ግን ልጽፍልህ በተቀመጥኩ ቁጥር ከዚያች የልጅነቴ ቀን ነው የምጀምረው።

ቤቱ እንዳለ ነው። ሱሉልታ ግን እንዳለች አይደለችም፤ ከበረንዳው ሆነህ የምታየው ሜዳ አጥርና ቆርቆሮ ሆኗል። ድንጋይህ ከፎቶህ ሥር ተቀምጧል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከጠርዙ ሸርፈህ የምታነደው፣ ያ በጥፍር የሚላጠው። እማዬ አቧራውን ትጠርግለታለች። ጎረቤቶች «ኦቦ ናፍጣ፣ ቦቴው መቼ ነው የሚመጣው?» ሲሉህ ከእነሱ ጋር ትስቅ ነበር። ለምን እንደምትስቅ አይገባኝም ነበር።

ገደሉ አፋፍ ላይ ያለውን መሬታችንን ድንጋይ አውጪዎች እንድታከራያቸው ሲጠይቁህ እምቢ አልክ። ድሮ የመጡ አጥኚዎች ከሥሩ ነዳጅ ያዘለ ድንጋይ አግኝተዋል፣ ብለኸን ነበር። ኩላሊትህ ታሞ እጥበቱ ከአቅማችን በላይ ሲሆን እማዬ እግርህ ላይ ወደቀች። «አከራየውና ታከም!» አንተ ጣራ ጣራውን እያየህ «ነዳጅ ላይ ተኝቼ ጠጠር አልሸጥም። ለልጄ ነው» አልክ።

ልጅህ እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም።

ባለፈው ሳምንት አጥኚዎቹ ተመለሱ። መኪናቸው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፣ ድምፅ የለውም፤ ውሻው እንኳ ሳይሰማ በሩ ላይ ደረሰ። ባትሪው ደክሞባቸው ስለነበር ትንሽ መብራት ለመኑን። ገመዱን በመስኮት አስገብተን ፎቶህ አጠገብ ካለው ሶኬት ሰካነው።

አለቃቸው ፀጉሯ የሸበተ ጂኦሎጂስት ናት፤ ድሮም የመጣችው እሷ ነበረች። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እማዬ ጓዳ ሆና ትሰማለች።

«ነዳጁ አለ» አለች ሴትዮዋ።

እማዬ እልል አለች። ከቀብርህ ወዲህ ከዚያ ጉሮሮ የደስታ ድምፅ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። እየሮጠች ወጣች። «አላለም! ናፍጣ እያሉ ሲያላግጡበት! የታሉ አሁን?»

ሴትዮዋ መሬት መሬት አየች። «እትዬ፣ አለ፤ ግን ከድንጋዩ ጋር የተጣበቀ ነው። ቆፍሮ፣ ፈጭቶ፣ አብስሎ ለማውጣት የሚወጣው ወጪ ከሽያጩ ይበልጣል። ያኔም አያዋጣም ነበር። ወደፊት ደግሞ...» አልጨረሰችውም። ገመዱን አየች።

እማዬ እጇን ከአፏ ላይ አወረደች። «ያኔ ይህን ማን ነገረው?»

«እኔው ነግሬያቸዋለሁ። ሰምተው ሳቁ። ከዚያ አንድ ድንጋይ ስጪኝ ብለው ወሰዱ።»

ታውቅ ነበር። በዚያች ቀን ክብሪቱን ስትጭርልኝ ታውቅ ነበር። አልጋህ ላይ ሆነህ ጣራውን ስታይም።

አስታውስሃለሁ አባዬ። ሌላው ሁሉ ቢጠፋኝ ሳቅህ አይጠፋኝም፤ አሁን ሌሊትም ቀንም የምሰማው እሱን ነው።

እማዬ ገመዱን ከሶኬቱ ነቅላ በመስኮት ጣለችው። ድንጋዩን ከፎቶህ ሥር አነሳች፤ ከባድ ሕፃን እንደምታቅፍ አቀፈችው። ክብሪቱን ከምድጃው አጠገብ ወሰደች። ወደ መኝታ ቤታችሁ ገባች።

በሩ ተዘጋ።