ከጠርዝ ሦስት ሚሊ

እናታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከመምህርት እናታቸው መጋቢት 9 ቀን 1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ጨርቅ ሳያባክኑ መቁረጥን ከአባታቸው፣ ስሕተት ማረምን ከእናታቸው ተማሩ።

ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1973 ዓ.ም. በአንድ ማተሚያ ቤት በፊደል ለቃሚነት ተቀጠሩ። እንደ ሩዝ እየለቀሙ የእርሳስ ፊደል ሲደረድሩ አሥር ዓመት ቆዩ። በ1983 ዓ.ም. ኮምፒውተር ሲገባ ሌሎቹ ዳር ዳር ሲሉ እሳቸው ቀድመው ተቀመጡበት።

የመጀመሪያ የገጽ ቅንብራቸው የአንድ ትምህርት ቤት የምርቃት መጽሔት ነበር። ስሞቹን ከወረቀቱ ጠርዝ ጥግ አስጠግተዋቸው ኖሮ የመቁረጫው ቢላዋ የአሥራ አንድ ተመራቂዎችን ስም ገምሶ ሄደ። ወረቀት ቆራጩ ለአለቃ ሳይናገሩ አንዷን ቅጂ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጡና፣ «እህቴ፣ ቢላዋ ማንበብ አይችልም። ሦስት ሚሊ ራቂለት» አሏቸው። ሁለቱ ሦስት ቀን አምሽተው መጽሔቱን እንደገና አወጡት። «ሦስት ሚሊ» የሚለው ቅጽል ስም ከዚያ ወዲህ አልለቀቃቸውም።

በ1985 ዓ.ም. ከቆራጩ ጋር ተጋቡ። የሠርጉን መጥሪያ ካርድ ለአንዲት የተዛነፈች መስመር ብለው ሁለት ጊዜ ቢያሳትሙት አባታቸው፣ በዚህ አያያዝ ካርዱ ሲደርሰን ልጅ ወልዳችኋል ብለው ሳቁባቸው። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

መጽሐፍ፣ የቀን መቁጠሪያ፣ ፖስተር፣ የመድኃኒት ማብራሪያ፣ ዛሬ በእጃችሁ እንዳለው ያለ የስንብት ጽሑፍ፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያላዘጋጁት አልነበረም። ምግብ ቤት ገብተው እንኳ ከምግቡ በፊት የዋጋ ዝርዝሩን በጣታቸው ይለኩ ነበር።

ሴት ልጃቸው ሙያውን ብትከተልም የያዘችው በስልክና በታብሌት የሚነበቡ መጻሕፍትን ማዘጋጀት ነው። በእነዚያ ላይ አንባቢው ፊደሉን ሲያሳድገው መስመሩ ሁሉ ቦታውን ይለቃል። እናታችን የተደከመበትን ገጽ ሰው በጣቱ ሲበትነው ማየት ስላልወደዱ ይህን ሥራ ብለው አልቆጠሩላትም። እናትና ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ አብረው ምሳ ሲበሉ ስለ ሥራ አንድም ቃል አላነሱም።

በ2013 ዓ.ም. የስኳር ሕመም ዓይናቸውን አደከመው። ራሳቸው ያዘጋጇቸውን መጻሕፍት ማንበብ ተሳናቸው። መጽሐፉን ገልጠው ባዶውን ኅዳግ በአውራ ጣታቸው ሲዳስሱ ማየት ለቤተሰቡ ከባድ ነበር። በዚህ ጊዜ ልጃቸው እናቷ በኮምፒውተር ያቀናበሩትን የመጀመሪያ መጽሐፍ፣ አንድ የንብ እርባታ መመሪያ፣ ወደ ታብሌት ቀየረችው። በአንድ መስመር አራት ቃል ብቻ እስኪቀር ፊደሉን አሳደገችና ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል ገጹን በጣታቸው እየገፉ አነበቡ።

«ልጄ፣ ገጼን አፈረስሽው» አሏት። ቀጥለውም፣ «ግን አነበብኩት። ነገ ሌላ አምጪልኝ» አሉ።

እስከ መጨረሻው አሥራ ዘጠኝ መጻሕፍት አነበቡ። ሕመሙ ወደ ኩላሊታቸው ተሻግሮ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አርፈዋል።

ይህ ጽሑፍ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ያለ መነጽር እንዲያነበው በትልልቅ ፊደል የታተመው እሳቸው ስለተናዘዙ ነው። ገጹን ያቀናበረችው ልጃቸው ናት። ከጡረታቸው ተመልሰው ወረቀቱን የቆረጡት ባለቤታቸው ናቸው፤ ቢላዋውን ከማውረዳቸው በፊት ልጃቸውን የጠየቋት ሦስት ሚሊ መተዋን ብቻ ነበር። ትታለች።

አምላክ ነፍሳቸውን ብርሃን በማይጎድልበት ያኑርልን።