ማበጠሪያ የማያስነካ ራስ

ጥቅምት ፭
ቀኑን ሙሉ የሙሽራዋን ቀሚስ ስሰፋ ዋልኩ። ራሴን አሞኛል... መነጽሩ ይሆን? ታናሼ መጋረጃውን ገልጣ፣ "እትዬ፣ ዓይንሽን ልታጠፊው ነው እንዴ!" አለችኝ። ታዲያ በምን ልብላ? በዓይኔ አይደል?

ጥቅምት ፱
ጠጉሬን ማበጠር አቃተኝ። ማበጠሪያው ሲነካኝ ከግራ ዓይኔ ጎን እሳት ነው። ትራሱም አላስተኛ አለኝ። ሻሼን ጠፍንጌ አሰርኩ። ባሰብኝ።

ጥቅምት ፲፬
ሥጋ ማላመጥ ተሳነኝ። ትንሽ እንዳላመጥኩ መንጋጋዬ ይዝላል፤ ሳርፍ ይተወኛል። ታናሼ ሳቀችብኝ። "እስፒል ነክሰሽ እየዋልሽ መንጋጋ አመመኝ ትያለሽ!" እውነቷን ነው፤ የእስፒል ማስቀመጫዬ አፌ ነው። ዛሬ ጨርቅ ላይ ሰካኋቸው። ወይ ፍንክች!
ሐኪም ቤት እንሂድ ትላለች። ቀሚሱን ሳላስረክብ?

ጥቅምት ፲፰
ግራ ዓይኔን ጋረደኝ። ወዲያው ለቀቀኝ... ለማንም አልተናገርኩም። ስፌት ተዪ ቢሉኝስ? ፈራሁ።

ጥቅምት ፳
ጠዋት ጋረደኝ፣ በዚያው ቀረ። ታናሼ እያለቀሰች ወሰደችኝ።
ሐኪሟ ከዓይኔ ጎን በጣቷ ዳሰሰችኝ። "እናቴ፣ የደም ሥርዎ ተቆጥቶ አብጧል። ለዓይንዎ ደም የሚያደርሰውም ተዘግቷል።"
"መንጋጋዬስ? እስፒሉ አይደለም?"
"እስፒሉ ምን አደረገ? እሱም ከደም ሥሩ ነው።"
"ዓይኔ ይመለሳል?"
የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀቷን ሳበች። "ቀኙን እናድናለን። መድኃኒቱን ግን በራስዎ እንዳያቆሙ" አለች።
መጀመሪያ የጋረደኝ ዕለት ብናገር ኖሮ...

ኅዳር ፪
ራስ ምታቱ መድኃኒቱን በጀመርኩ በነጋታው ጥሎኝ ሄዷል። እንቅልፍ ግን የለም። መድኃኒቱ ፊቴን እንደ ሊጥ ኩፍ አድርጎታል። ታናሼ "ወፈርሽ፣ አማረብሽ" ትለኛለች። አሾፈችብኝ! ዛሬ ኪኒኑን እጄ ላይ ይዤ ብዙ ቆየሁ። ብተወው ቀኙም ሊሄድ ነው። ብውጠው ይኸው ነው ኑሮዬ። ከራሴ ወዴት አመልጣለሁ? ቤቱ ጠበበኝ።
ዋጥኩት።

ኅዳር ፲፩
ጠጉሬን አበጠርኩ። ምንም አላለኝም።
ክሩን ግን መርፌ ውስጥ ማስገባት አልቻልኩም። ቀዳዳው እዚያ ነው ስል እዚህ ይሆንብኛል። ታናሼ አስገባችልኝ። የቀሚሱንም ጫፍ የዘመዘመችው እሷ ናት፤ ስፌቱ ጠማማ ስለሆነ አስፈታኋት። እያጉረመረመች ወንበሯን ጎትታ በግራዬ መጥታ ተቀመጠች።
"በዚህ በኩል እኮ አላይሽም" አልኳት።
"ለዚህ አይደል እንዴ የተቀመጥኩት?"
እስፒሎቹን ወደ አፌ መለስኩ።